ያልገባውን ኳስ ማን ይቈጥራል?

በረኛ የሚለው ቃል እግር ኳስ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት የነበረ የቆየ ቃል ነው። በቤተ መንግሥት በርና በመኳንንት አጥር ደጃፍ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚለይ ሰው በረኛ ይባል ነበር። በቤተ ክርስቲያንም ከማዕርጋቱ አንዱ ዐጻዌ ኆኅት ነው፤ ይኸውም ደጅ ዘጊ፣ ደጅ ጠባቂ ማለት ነው። ኳስ በመጣ ጊዜ ሕዝባችን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ለሚቆመው ተጫዋች ሌላ ስም ሳይፈልግ ይህንኑ የጥንት ስም ሰጠው። ስያሜው እጅግ የተስማማ ነው እንላለን፤ የደጅ ጠባቂ ሥራ ሲሳካ ለዓይን የሚታይ ነገር የለውምና። ሌባ ያልገባበት ሌሊት እንደ ማንኛውም ሌሊት ነግቶ ይረሳል፤ ሌባ የገባበት ሌሊት ግን ለዓመታት ሲወራ ይኖራል።

በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ስለ ኳስ መጻፍ ምን ይጠቅማል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፤ እኛም በልጅነታችን ለገና ሩር ስንመታ፣ ከዚያም ዳዊት ስንደግም ያደግን ሰዎች ነንና በእግር ኳስ ሊቅ ነን አንልም። ነገር ግን ዛሬ በሰቆጣም ሆነ በሌላው ከተማ ልጁ ኳስ የማይጫወትበት ቤት ጥቂት ነው። ልጆችም የሰውን ዋጋ መመዘን ከሚማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ የኳስ ሜዳ መሆኑን በመምህርነት ዘመናችን ተመልክተናል። ማን ይመሰገናል? ማን ይሰደባል? የማን ድካም ይቈጠራል? የማንስ ይረሳል? እነዚህን ጥያቄዎች ልጆች በመጽሐፍ ከማንበባቸው አስቀድሞ በሜዳው አቧራ ላይ ይመልሷቸዋል።

በእኛ ከተማ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች ሁለት ሁለት ድንጋይ አኑረው ግብ ይሠራሉ፤ ኳሱም ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ከጨዋታው በፊት የሚነሣው የመጀመሪያ ክርክር «ማን በረኛ ይሁን?» የሚለው ነው። ሁሉም አጥቂ ሊሆን ይወዳል። በመጨረሻም በግቡ የሚቆመው በዕድሜ ያነሰው፣ ወይም ጫማ የሌለው፣ ወይም ለሰፈሩ እንግዳ የሆነው ልጅ ነው። ከገጠር የመጣና ኽምጣና እንጂ አማርኛ ገና ያልቀናውም ልጅ እንዲሁ ወደዚያው ይገፋል። ስለዚህ በልጆቹ ዘንድ በረኛነት ሹመት ሳይሆን ግዴታ ነው፤ የተናቀ የሚቆምበት ቦታ ነው።

ይህ ንቀት የልጆች ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ጊዜ በክፍላችን ያደረግነውን እንንገር። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችበትን ታሪክ ስናስተምር፣ «በዚያ ቀን ከተሰለፉት መካከል የምታውቁትን ስም ጥሩ» አልን። አንዱ መንግሥቱ ወርቁን ጠራ፤ ሌላው አምበሉን ሉቻኖ ቫሳሎን፤ ሦስተኛዋም ወንድሙን ኢታሎን ጠራች። ከጥቂት ዝምታ በኋላ ግርማ ተክሌን የጠራ ተገኘ። አራቱም በዚያ ቀን ግብ ያገቡ ናቸው። «በረኛውስ?» ብለን ብንጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። የጊላሚካኤል ተክለ ማርያምን ስም በሰሌዳው ላይ የጻፍነው እኛው ነን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1954 ዓ.ም. 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። ተወዳዳሪዎቹ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። ይድነቃቸው ተሰማ የመሩት የኢትዮጵያ ቡድን ቱኒዝያን 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ለፍጻሜው ጨዋታ ከግብፅ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች ነበረች። በዚያም ቀን ግብፃውያኑ ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የእኛ ልጆች ደረሱባቸው። አስቀድሞ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም ሉቻኖ ቫሳሎ አግብተው 90ው ደቂቃ 2 ለ 2 ተፈጸመ። በተጨመረው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ሉቻኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ እስከ ዛሬ አላገኘችም።

እንግዲህ ይህን ውጤት እንደ ሒሳብ መምህር እንመርምረው። በተጨመረው 30 ደቂቃ ኢትዮጵያ ሁለት ግብ አገባች፤ ይህ በየመጽሐፉ ተጽፏል። በዚያው 30 ደቂቃ በኢትዮጵያ ግብ የገባው ኳስ ስንት ነው? ባዶ ነው። ሁለቱም ቡድኖች ደክመው፣ እግሮች ከብደው፣ አንዲት ስሕተት ዋንጫውን ወደ ካይሮ ልትመልስ በምትችልበት ሰዓት ያ ባዶ ቍጥር እስከ መጨረሻው ፊሽካ ባዶ ሆኖ ቆየ። ባዶውን ያቆዩት በረኛውና ከፊቱ የነበሩት ተከላካዮች ናቸው። ነገር ግን ስለ ሁለቱ ግቦች ሲነገር ስለ ባዶው የሚናገር የለም። አባቶቻችን «የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በረኛ የሚረሳው ቡድኑ ሲያሸንፍ ነው፤ ሲሸነፍ ግን ፈጥኖ ይታወሳል። የዚህንም ምሳሌ ሩቅ ሄደን አንፈልግም። ከዚያ ድል በኋላ 51 ዓመት ሲሞላ፣ ቀኑም ሳይለወጥ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት በተባለች ከተማ ከዛምቢያ ጋር ተሰለፈ። አገራችን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ ነበር፤ ዛምቢያም የዋንጫው ባለቤት ነበረች። በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛው ጀማል ጣሰው ኳስ ለማዳን ከግቡ ወጥቶ ሲዘልል ከዛምቢያው ተጫዋች ጋር ተጋጨና ዳኛው ቀይ ካርድ አሳየው። ተጠባባቂ በረኛ ለማስገባት አንድ የመስክ ተጫዋች መውጣት ግድ ሆነ። ዛምቢያም ከዕረፍት በፊት አገባች። ዐሥሩ የእኛ ልጆች ግን አልተበተኑም፤ በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አግብቶ ጨዋታው 1 ለ 1 ተፈጸመ። ሰሞኑን በየመንደሩ የተነሣው ስም የአዳነ ነበር፤ የሚገባውም ነው። ስለ በረኛው የተነሣው ግን ቀይ ካርዱ ብቻ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ዐሥር ሆኖ የቆመው ቡድን ሌላ ግብ እንዳይገባበት በግቡ ቆሞ ስላመሸው ተጠባባቂ የተናገረ ሰው አልሰማንም።

በዚያው ውድድር ቡድናችን በሁለተኛው ጨዋታ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ፣ ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከናይጄርያ ጋር ተጫወተ። እስከ 80ኛው ደቂቃ ግድም ግብ አልገባም ነበር። ከዚያም ናይጄርያ በፍጹም ቅጣት ምት አገባች፤ በመጨረሻም ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጣ። ተቀያሪ ሁሉ አልቆ ነበርና የመስክ ተጫዋቹ አዲስ ሕንፃ ጓንቱን አጥልቆ በግቡ ቆመ። ኳሷም ገባች፤ 2 ለ 0 ሆነ። ብዙዎች ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። እኛ ግን የበረኛ ሥራ ምን ያህል የብቻ ሥራ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አናውቅም። ሌላው ተጫዋች ሲወድቅ ዐሥሩ ይሸፍኑለታል፤ በረኛው ሲወጣ ግን ቦታው ባዶ ሊቀር አይችልም፤ ያልተማረውም ቢሆን መቆም አለበት።

የሥራውን ክብደት በቍጥር ማየት ለሚወዱ እንጨምር። ግቡ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ከፍታ አለው። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ርቀት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይህን ርቀት የሚጨርሰው ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ነው። ስለዚህ በረኛው ኳሱን አይቶ፣ አስቦ፣ ከዚያ ለመዝለል ጊዜ የለውም፤ የመቺውን እግርና ዳሌ አይቶ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ዘጠኝ ጊዜ ትክክል ቢወስን «ሥራው ነው» ይባላል፤ በዐሥረኛው ቢሳሳት ስሙ ይጠፋል። ለአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ይሰጥ የጀመረው የወርቅ ኳስ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1956 ጀምሮ ብዙ አጥቂዎችን ሲያከብር፣ ከበረኞች ያገኘው በ1963 የሶቪየቱ ሌቭ ያሺን ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ኳስን እንደ እህል ውሃ በሚቈጥሩት በስፔን አገር የሆነውን እናንሣ፤ ዘመኑንም በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን። በዚያ አገር በጥንቱ በረኛ በሪካርዶ ዛሞራ ስም የሚሰጥ ሽልማት አለ። የሚሰጠውም በዓመቱ ውስጥ በተሰለፈባቸው ጨዋታዎች መጠን ጥቂት ግብ ለገባበት በረኛ ነው፤ ያልገባውን ኳስ ለመቈጠር የታሰበ ሽልማት ነው ማለት ይቻላል። ሉዊስ አርኮናዳ የተባለው የሬያል ሶሲዬዳድ በረኛ ይህን ሽልማት በ1980፣ በ1981 እና በ1982 በተከታታይ አገኘ። ክለቡም በእርሱ ጊዜ በ1981 እና በ1982 የስፔንን ሻምፒዮናነት ወሰደ። ለአገሩም 68 ጊዜ ተሰልፏል፤ አምበልም ነበር።

ዳሩ ግን ዓለም አርኮናዳን የሚያስታውሰው በዚህ ሁሉ አይደለም። ሰኔ 27 ቀን 1984 በፓሪስ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ፈረንሳዊው ሚሼል ፕላቲኒ የመታውን ቅጣት ምት አርኮናዳ ወድቆ ከያዘው በኋላ ኳሱ ከሰውነቱ ሥር ሾልኮ መስመሩን አለፈ። ፈረንሳይም 2 ለ 0 አሸነፈች። ስፔንን ለዚያ ፍጻሜ ያደረሱት እጆች በአንዲት ኳስ ተረሱ። ዓሥራ አምስት ዓመት በአንድ ክለብ የቆመ ሰው የአንዲት ቅጽበት ምርኮኛ ሆነ።

ያን ፍርድ ሊያቀና የተነሣው ሌላ በረኛ ነው። ሰኔ 29 ቀን 2008 ስፔን በቪየና ጀርመንን 1 ለ 0 አሸንፋ የአውሮፓን ዋንጫ ስትወስድ ከቡድኑ ተጠባባቂ በረኞች አንዱ አንድሬስ ፓሎፕ ነበር። ይህ ሰው ራሱ የተናቀ በረኛ ነበር። በ2007 በሴቪያ ክለብ ሳለ፣ ቡድኑ ሊሰናበት ጥቂት ሲቀረው እስከ ተጋጣሚው ግብ ድረስ ሄዶ በግንባሩ ግብ አግብቶ ቡድኑን አተረፈ፤ በዚያው ዓመት በግላስጎው በተደረገው ፍጻሜም ሦስት ፍጹም ቅጣት ምቶች አዳነና ክለቡ የአውሮፓን የዩኤፋ ዋንጫ ወሰደ። ይሁን እንጂ ለስፔን ዋና ቡድን በዘመኑ ሁሉ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተሰለፈም። በዚያች በቪየና ምሽት ግን ሜዳልያውን ለመቀበል ሲወጣ የለበሰው የራሱን ማልያ ሳይሆን አርኮናዳ በ1984 የለበሰውን ማልያ ነበር። ሜዳልያውን የሚሰጠውም በዚያን ጊዜ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ያው ፕላቲኒ ነው። ፓሎፕ በዚያ ውድድር አንዲት ደቂቃ አልተጫወተም፤ ነገር ግን የተረሳውን የሥራ ወንድሙን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ድሉ መድረክ አወጣው። የበረኛን ድካም የሚያውቀው በረኛ ነውና።

ከቪየና ወደ ሰቆጣ እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ያለው እዚህ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ ከአበርገሌ ወገን ብዙ ቤተ ሰብ ቀዬውን ጥሎ ወደ ሰቆጣ መጣ። ከእነዚህ ቤተ ሰቦች የአንዱ ልጅ በእኛ ክፍል ገባ፤ ስሙን አንጽፍም። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው እንግዳውን በግብ አቆሙት። ልጁ ግን ዓይኑ ንቁ፣ እጁ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። ከየት ተማርክ ብንለው «ከማማ ላይ» አለን። በተከዜ ቈላ ማሽላ ሲያሸት ወንጭፍ ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት ወፍና ዝንጀሮ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ነው። ከወዴት እንደሚመጣ የማይታወቀውን መጠበቅ ለእርሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ጨዋታ ሆነ። ልጁ ብዙ ኳስ አዳነ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን ቀስ ብላ የመጣች ኳስ ከፊቱ በነበረች ድንጋይ ነጥራ በእጆቹ መካከል አለፈች፤ ቡድናችንም 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከአጥቂዎቻችን አንድ ስንኳ ግብ ያገባ አልነበረም፤ እነርሱን የወቀሳቸው ግን የለም። በማግሥቱ በረኛውን «ወንፊት» ብለው ሰየሙት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ፤ ሳምንትም ሞላው።

ቤታቸው ድረስ ሄድን። እናቲቱ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ደጃፍ እህል ስትለቅም አገኘናት። «እንደምን ዋሉ እናቴ» ብለን የመጣንበትን ነገርን። «የኔታ» አለችን፤ «ይህ ልጅ በማማ ላይ ሳለ ወፍ የበላችውን ዘለላ ሁሉ ያይ ነበር፤ እያየም ያለቅስ ነበር። እኔም እንዲህ እለው ነበር፦ ወፍ የበላውን ሁሉም ያያል፤ ያልበላውን የሚሰፍር ግን የለም። እኔ እናትህ ግን ጎተራውን አይቼ እሰፍረዋለሁ። ዛሬ ጎተራውም የለም፤ በምን ሰፍሬ ላሳየው?» ለዚህ ንግግር ፈጥነን የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። ልጁ ከውስጥ ሆኖ ይሰማ ነበር።

ወደ ክፍል ተመልሰን ተማሪዎቹን አልተቈጣንም። አንድ ደብተር አወጣንና «ከዛሬ ጀምሮ በየጨዋታው የገባው ኳስ ብቻ ሳይሆን በረኛው ያዳነው፣ ተከላካይም ያወጣው ይጻፋል፤ ጸሓፊዎቹም አጥቂዎች ይሆናሉ» አልን። የመጀመሪያው ቀን ጸሓፊ የሆነው «ወንፊት» የሚለውን ስም ያወጣው ልጅ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ደብተሩን ሲያስረክበን የገባው አንድ መስመር፣ ያልገባው ግን አንድ ገጽ መሙላቱን አይቶ ዝም አለ። ያ ዝምታ ከብዙ ተግሣጽ የበለጠ እንደ ሠራ አምነናል።

ልጁም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ነገር ግን ያን ዓመት በሙሉ በግብ ለመቆም እንቢ አለ፤ ተከላካይ ሆኖ ተጫወተ። እኛም አላስገደድነውም፤ የተሰበረ እምነት በትእዛዝ አይጠገንምና። በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ራሳቸው ለምነውት ወደ ግቡ ተመለሰ። አንድ ነገር ግን ተለወጠ፦ ከዚያ በፊት ወደ ግብ ተገፍቶ ነበር፤ አሁን ግን ተለምኖ ቆመ።

ክቡራን አንባብያን፤ ልጅዎ ከሜዳ አቧራ ለብሶ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ብለው ብቻ አይጠይቁት። «በረኛችሁ ማን ነበር? ስንትስ አዳነ?» ብለው ይጠይቁት። ልጅዎ በረኛ ከሆነና ግብ ገብቶበት አንገቱን ደፍቶ ከመጣ ደግሞ ከገባው በፊት ያልገባውን ያስቈጥሩት። ይህን በኳስ የለመደ ልጅ በቤቱም ያሉትን ጠባቂዎች ማየት ይጀምራል፤ ሌሊት በሕመምተኛ ሕፃን ራስጌ የምትነቃውን እናት፣ ጋቢ ተከናንቦ በደጅ የሚያድረውን ዘበኛ፣ ከብት ሳይጠፋ ያስገባውን እረኛ ያያል። እነዚህ ሁሉ ዋንጫ የላቸውም፤ ዋንጫ ያገኘ ቤት ሁሉ ግን የቆመው በእነርሱ ነው። ሳይመሰገኑ እንዳይመሹ ሰፋሪ ያስፈልጋቸዋል፤ ያም ሰፋሪ በየቤቱ ያለነው እኛው ነን።